ከስደት ወደ ኔቫዳ ምክር ቤት፦ የአሌክሳንደር አሰፋ ጉዞ

በአሜሪካ ለምክር ቤት ስለበቁ አፍሪካውያን ስደተኞች ሲነሳ ብዙዎቻችን ቀድማ የምትታወሰን ኢልሃን ዑመር ናት። ትውልደ ኢትዮጵያዊው አሌክሳንደር አሰፋ ግን እምብዛም አይነሳም።

አሌክሳንደር ከአገሩ ወጥቶ በኬንያ በስደት ከኖረ በኋላ ገና በወጣትነቱ አሜሪካ ገባ። ኑሮውንም በላስ ቬጋስ መሠረተ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2018 በዴሞክራቲክ ፓርቲ ዕጩነት ተወዳድሮ የኔቫዳ ግዛት ምክር ቤት አባል ሆነ። በወቅቱ በአሜሪካ በሕዝብ ድምፅ ለሥልጣን የበቃ የመጀመሪያው ትውልደ ኢትዮጵያዊ ተብሎ በስፋት ተዘግቦለታል።

ይህ ምክር ቤት ዋሽንግተን ያለው ኮንግረስ አይደለም። ሻንቶ ላለው አንባቢያችን የክልል ምክር ቤት ብንለው ይቀርባል። የኔቫዳ የታችኛው ምክር ቤት 42 ወንበሮች ሲኖሩት የአባላቱ የሥራ ዘመን ሁለት ዓመት ነው። መደበኛ ጉባኤው የሚካሄደው በየሁለት ዓመቱ በካርሰን ሲቲ ሲሆን ከ120 ቀናት አይበልጥም። የሚገርመው ደግሞ ደመወዝ የሚከፈላቸው ለመጀመሪያዎቹ 60 ቀናት ብቻ መሆኑ ነው። ስለዚህ አባሉ መተዳደሪያ የሚሆን ሌላ ሥራ ያስፈልገዋል። ሥራውን ለወራት ትቶ ርቆ መሄድ ለደሃ ቀላል አይመስለንም።

ለስደተኛ በሩን የሚከፍተው የምርጫ ክልሉ ትንሽነት ነው። በዚያን ጊዜ አንድ ወንበር የሚወክለው 70 ሺህ ገደማ ሕዝብ ነበር፤ ብዙ ገንዘብ የሌለው ዕጩም ቤት ለቤት እየዞረ ራሱን ማስተዋወቅ ይችላል። ኢልሃንም የጀመረችው በዚሁ በር ነው። በ2016 በሚኒሶታ በፓርቲው የውስጥ ምርጫ ከ40 ዓመታት በላይ በወንበራቸው የቆዩትን ፊሊስ ካንን አሸንፋ የግዛቷ ምክር ቤት ገባች። አሌክሳንደር በተመረጠበት ዕለት እርሷም ለኮንግረስ ተመረጠች።

የእርሱ መንገድ ግን በዚያው አልቀጠለም። በ2020 ዳግም ቢመረጥም ፖሊስ በመኖሪያ አድራሻውና በምርጫ ዘመቻ ገንዘብ አጠቃቀሙ ላይ ምርመራ ከፈተ። በጃንዋሪ 2021 አዲሱ ጉባኤ ሳይከፈት ከምክር ቤቱ ለቀቀ። እዚህ ስለ ጥፋተኝነቱ አንፈርድም፤ ያ የፍርድ ቤት ሥራ ነው። አድራሻው ይህን ያህል የሚያስጠይቅበት ምክንያት ግን መታወቅ አለበት። የኔቫዳ ሕግ ዕጩው በሚወዳደርበት የምርጫ ክልል ውስጥ በእርግጥ የሚኖር እንዲሆን ያስገድዳል፤ በወረቀት የተመዘገበ አድራሻ ብቻውን አይበቃም። ሰፈሩን የሚወክል ሰው የሰፈሩ ሰው ይሁን ነው ነገሩ፤ ለእኛም እንግዳ ሐሳብ አይደለም።

በኔቫዳ እንዲህ ያለ ወንበር ሲለቀቅ ተተኪውን የሚሾመው የካውንቲው ኮሚሽን ነው፤ ተሿሚውም ከለቀቀው አባል ፓርቲ መሆን አለበት። የክላርክ ካውንቲ ኮሚሽንም ትሬሲ ብራውን-ሜይን በቦታው ሾመ።