ክራንቤሪ ለታመመች ሴት አይደለም

ዛሪማ ላይ ሙቀቱ በበረታበት ሰሞን ወደ ጤና ጣቢያችን የመጣች አንዲት ነፍሰ ጡር እስካሁን ከሐሳቤ አልወጣችም። አምስተኛ ወሯን ይዛ ነበር። ትኩሳት ያንቀጠቅጣታል፤ ያስመልሳታል፤ ቀኝ ጎኗን ደግፋ ታቃስታለች። ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ ያሳየችኝ አሜሪካ ያለች ዘመዷ የላከችላትን፣ ክራንቤሪ ከተባለ ቀይ ፍሬ የተሠራ እንክብል ነው። ሽንቷን ማቃጠል ከጀመራት አንስቶ ለሳምንት ያህል ጠዋትና ማታ ስትውጠው ቆይታለች። «ኩላሊት ያጥባል አሉኝ ዶክተር፤ ከፍሬ የተሠራ ስለሆነ ጽንሱንም አይጎዳ ብዬ ነው» አለችኝ። መርፌ አስጀምረን፣ በሊማሊሞ ዳገት ወደ ደባርቅ ሆስፒታል ላክናት። እሷም ጽንሷም ተርፈዋል። ማቃጠሉ በጀመራት ቀን ብትመጣ ግን ሽንቷ ተመርምሮ፣ ለነፍሰ ጡር የሚሆን ክኒን ተሰጥቷት እዚሁ ሊያልቅ የሚችል ነገር ነበር።

«ክራንቤሪ ኢንፌክሽን ያወጣል» የሚለውን ከደባርቅ እስከ አዲአርቃይ፣ ከተማረውም ካልተማረውም እሰማዋለሁ። ከሁሉ የሚያደክመኝ ከመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ ከቆመ የሙያ ባልደረባ ስሰማው ነው። «ሲፕሮ ሰውነት ይጎዳል፤ ይሄኛው ይሻልሻል» ተብሎ ሽንቷን ለሚያቃጥላት ሴት ይሸጥላታል። ሲፕሮ የተባለውን ፀረ ተሕዋሲ መድኃኒት ያለ ምርመራ መበተን ይቅር የሚለው ሐሳብ እኔም አጥብቄ የምይዘው ነው። በሲፕሮ ፋንታ የማያክም ነገር መስጠት ግን ስሕተቱን በሌላ ስሕተት መተካት ነው።

ክራንቤሪ ባክቴሪያ አይገድልም። ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ በጸጉር መሰል ዘንጎቹ የፊኛን ግድግዳ የሚይዘው ጭጎጎት የቀሚስ ጫፍ ላይ እንደሚጣበቀው ነው። በፍሬው ውስጥ ያለው ፕሮአንቶሲያኒዲን የተባለ ንጥረ ነገር ይህን መጣበቅ ያስቸግራል ተብሎ ይታመናል፤ ሥራውም በዚያ ያበቃል። ባክቴሪያው ከተጣበቀና ከተራባ፣ ሽንት ማቃጠልና ማጣደፍ ከጀመረ በኋላ ጊዜው አልፏል። ወደ ኩላሊት የወጣውንማ አይነካውም። እንክብሉ እየተዋጠ ያለፈው ሳምንት ለባክቴሪያው የተሰጠ ሳምንት ነው።

ይህን ስል ክራንቤሪ ከንቱ ነው ለሚሉት ማገዜ አይደለም። የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝነው የኮክሬን ድርጅት ገምጋሚዎች በ2012 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) 24 ጥናቶችን አይተው ይህ ነው የሚባል ጥቅም አላገኙበትም ነበር። ብዙዎቻችን በዚያ ላይ ቀረን። በ2023 ግን 50 ጥናቶችንና ወደ 9,000 የሚጠጉ ሰዎችን መዝነው ድምዳሜያቸውን ቀየሩ። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን በሚመላለስባቸው ሴቶች ላይ የመያዝ ዕድሉን በሩብ ገደማ፣ በሕፃናት ላይ ደግሞ ከግማሽ በላይ ቀንሶ አግኝተውታል። እዚያው ግምገማ ላይ የማይጠቅማቸውም ተለይተዋል፦ ነፍሰ ጡሮች፣ በእንክብካቤ ተቋም የሚኖሩ አረጋውያንና ፊኛቸው በደንብ የማይራገፍላቸው ሰዎች። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም በ2020 አምራቾች እንዲጽፉት የፈቀደው ቃል ከዚህ ቀደም ኢንፌክሽኑ የያዛቸውን ጤነኛ ሴቶች ብቻ የሚመለከት ነው፤ ማስረጃው ውስን መሆኑን አብረው እንዲገልጹም አስገድዷል። ጤነኛ ማለት በዕለቱ የማያቃጥላት፣ ትኩሳት የሌላት ማለት ነው።

ስለዚህ «ይመላለስብኛል» የምትለኝን ሴት መጀመሪያ የምጠይቃት ስንት ጊዜ እንደሆነ ነው። በስድስት ወር ሁለቴ ወይም በዓመት ሦስቴ ከሆነ ተመላላሽ እንለዋለን። አምስት ጊዜ ታክሜያለሁ ከሚሉት ውስጥ ብዙዎቹ አንድም ቀን ተሕዋሲውን አብቅሎ የሚለይ የሽንት ምርመራ (ካልቸር) አልተሠራላቸውም። የአንዷ በሁለት ቀን ያቋረጠችው መድኃኒት ውጤት ነው፤ ሌላዋ መድኃኒቱን የለመደ ተሕዋሲ አለባት፤ ሌላዋ ሕመሟ ከፊኛ ሳይሆን ከማሕፀን በር ነው፤ ሌላዋ ስኳር ወይም ጠጠር አለባት። እነዚህን ሁሉ በአንድ ቀይ እንክብል መሸፈን እውነተኛውን በሽታ ማቆየት ነው። የወር አበባቸው የተቋረጠ እናቶች ደግሞ በብልት የሚቀባ ኤስትሮጅን እንደሚረዳቸው የሚነግራቸው ሰው እምብዛም አያገኙም።

ከፍሬ መሠራቱም ለሁሉም ሰው ደኅና አያደርገውም። በቁርጥማት የልብ በሽታ ቫልቫቸው ተቀይሮ ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን የሚወስዱ ወጣቶች በአገራችን ጥቂት አይደሉም። ክራንቤሪ የዋርፋሪንን ጉልበት ጨምሮ ደም እንዳያስፈስስ ስለሚያሠጋ፣ ከሐኪማቸው ሳይመክሩ ሊወስዱት አይገባም። ደግሞም በጥናት በብዛት የተሞከረው በቀን 36 ሚሊግራም ፕሮአንቶሲያኒዲን ነው፤ ብዙ ጠርሙሶች ላይ የሚጻፈው ግን የፍሬው ዱቄት ክብደት ነው። በስኳር የተሞላ ቀይ ጭማቂም፣ ቀይና ጎምዛዛ ነው ተብሎ በምትኩ የሚፈላ ከርከዴም ክራንቤሪ አይደለም።

የሚከላከል ነገር ለሚፈልግ ሰው ከጠርሙስ በፊት ውኃ አለ። በ2018 የታተመ፣ ቡልጋሪያ ውስጥ የተሠራ ጥናት 140 ሴቶችን ለአንድ ዓመት ተከታትሏል። ሁሉም በቀን ከአንድ ሊትር ተኩል በታች የሚጠጡና ኢንፌክሽኑ የሚመላለስባቸው ነበሩ። ግማሾቹ ሌላ አንድ ሊትር ተኩል ውኃ እንዲጨምሩ ተደረገ። እነዚህ በአማካይ 1.7 ጊዜ ሲታመሙ፣ እንደ ልማዳቸው የጠጡት 3.2 ጊዜ ታመሙ።

ይህን ቁጥር ወደ ዛሪማ ሳመጣው ነገሩ ይከብደኛል። እኛ ያለነው ቆላ ላይ ነው፤ ላብ የሰውነትን ውኃ ይጨርሰዋል። ሴቲቱ ውኃውን ቀድታ፣ በጀርባዋ ተሸክማ ታመጣና ለልጆች፣ ለወጥና ለከብት ከፍላ የተረፈውን ትጠጣለች። በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጉሮሮዋ አይረጥብም። ገበያ ስትውል ሽንቷን የምትሸናበት የተከለለ ቦታ ስለሌላት ጨለማን ትጠብቃለች። ወደ ጎንደር በአውቶቡስ የምትሄድማ መንገድ ላይ ላለመቸገር ከዋዜማው ጀምራ መጠጣት ታቆማለች። ባክቴሪያው ፊኛ ውስጥ ተኝቶ እንዲራባ ከዚህ የበለጠ ምቹ ነገር የለም። ለዚህች ሴት ክራንቤሪ ግዢ ማለት ችግሯን አለማየት ነው።

ለምክር የሚመጡትን እንዲህ እላቸዋለሁ፦ በማይጾም ቀን ጥማት ሳይጠብቁ ቀኑን ሙሉ ይጠጡ፤ በጾም ቀን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እስከ መኝታ ደጋግመው ይጠጡ። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ኩላሊቷን የታመመች ለንስሐ አባቷ ትንገር፤ ሃይማኖቱ ለታመመ ሰው ጾሙን ያቀልለታል። ሽንት ሲመጣ አይያዝ፤ ከግንኙነት በኋላም ይሸና።

የመድኃኒት ቤት ባልደረቦቼን የምለምነው ጠርሙሱን ከማውረዳቸው በፊት ሦስት ነገር እንዲጠይቁ ነው፦ አሁን ያቃጥልሻል ወይ? ትኩሳት ወይም የጎን ውጋት አለሽ? ነፍሰ ጡር ነሽ? ለአንዱ «አዎ» ከተባለ ጠርሙሱ መደርደሪያው ላይ ይቆይ፤ ሴትዮዋ በዚያው ቀን ትመርመር። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶችም ከእንክብሉ ጋር «ከታመምሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ» የሚል ቃል አብረው ይላኩ። የየከተማችን አስተዳዳሪዎች ደግሞ በየገበያውና በየመናኸሪያው ውኃ ያለው፣ በሩ ከውስጥ የሚቆለፍ የሴቶች ሽንት ቤት ይሥሩ። የወረዳው የጤና በጀት ሲደለደል ይህን የኩላሊት ሕክምና አድርገን እንድንከራከርለት እፈልጋለሁ፤ እኔም በየስብሰባው ይህንኑ ማንሣቴን አልተውም።