ስም የወጣለት ባቡር

አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ በነበረችበት ዘመን፣ በ1871 ዓ.ም.፣ አልፍሬድ ኢልግ የሚባል ስዊሳዊ መሐንዲስ ሁለት የአገሩን ባለ እጆች አስከትሎ ወደ ንጉሥ ምኒልክ ግቢ ወጣ፤ የምድር ባቡራችን ታሪክ ከሰሜን ሸዋ ደጋ ጋር የሚዛመደውም በዚህ ሰው በኩል ነው፤ ሐዲድ የመዘርጋቱን ፈቃድ በ1886 ዓ.ም. ከዳግማዊ ምኒልክ የተቀበለ እርሱ ነውና። ሐዲዱ ግን ከጅቡቲ ተነሥቶ ያን ደጋ ሳይረግጥ በቆላ በቆላ ተጉዞ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስለ ደረሰ፣ ከአዋሽ ተነሥቶ እስከ ሐራ ገበያ 392 ኪሎ ሜትር የተዘረጋው አዲሱ መሥመርም በሸዋ ሮቢት በኩል ስለሚያልፍ፣ ለአንኮበርና ለደብረ ብርሃን ሰው ባቡር እስከ ዛሬ ከአፋፉ ሥር የሚያልፍ የቆላ እንግዳ ሆኖ ቀርቷል።

ይህን እንግዳ ወደ ደጋው ማውጫ አንድ መንገድ አለ፤ እርሱም በሌላው ዓለም አዋቂዎች ጭምር ዕድሜያቸውን የሚያሳልፉበት፣ በጠረጴዛ ላይ የሚሠራው ንዑስ ምድር ባቡር ነው። በብዛት የሚሠራበት መጠን እውነተኛውን ባቡር 87 ጊዜ ያሳነሰ ሲሆን፣ የዛሬው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ሐዲድ 1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት በዚህ ልክ 16.5፣ የአሮጌው ሐዲድ አንድ ሜትር ስፋት ደግሞ 12 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። ርዝመቱ ግን እንዲህ በቀላሉ አይገራም፤ የአሮጌውን መሥመር 784 ኪሎ ሜትር በዚያው መጠን ቢያሳንሱት እንኳ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሆን፣ ሠሪው አንድ ጣቢያ መርጦ መወሰን ግድ ይሆንበታል።

የዚህ ንዑስ ባቡር አገዛዝ ሁለት ዓይነት ነው። በአሮጌው፣ አናሎግ በሚባለው ሥርዓት፣ ሁለቱ የሐዲድ ብረቶች እስከ 12 ቮልት የሚደርስ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይሸከማሉ፤ ኃይሉ ሲጨመር ባቡሩ ይፈጥናል፣ ሲቀነስ ይዘገያል፣ አዎንታዊውና አሉታዊው ጫፍ ሲለዋወጡ ወደ ኋላ ይመለሳል። ይህ በነጋሪት እንደሚነገር አዋጅ ነው፤ በአንድ ሐዲድ ላይ ሁለት ባቡሮች ቢቆሙ አንዱን ብቻ ማዘዝ ስለማይቻል፣ ሠሪዎቹ ሐዲዱን ቆራርጠው ለእያንዳንዱ ቁራጭ የራሱን ማብሪያና ማጥፊያ እያበጁ፣ ባቡር ነጂ መሆናቸው ቀርቶ የማብሪያ ጠባቂ ይሆኑ ነበር።

ሌንስ የተባለው የጀርመን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ያወጣው፣ የአሜሪካ የሞዴል ባቡር ሠሪዎች ብሔራዊ ማኅበርም በ1990ዎቹ እንደ ደንብ የተቀበለው ዲጂታል ሥርዓት ይህን ነገር ከሥሩ ለወጠው። በዚህ ሥርዓት ሐዲዱ ሁልጊዜ ሙሉ ኃይል ይዞ ይኖራል፤ ትእዛዙ የሚተላለፈው በኃይሉ ማነስና መብዛት አይደለም፤ የኤሌክትሪኩ ጫፎች ሲለዋወጡ በሚፈጁት ጊዜ ነው። እያንዳንዱ አጋማሽ ከሰከንድ ሚሊዮንኛ እጅ 58 ያህል የሚቆየው ምት «አንድ»፣ 100ና ከዚያ በላይ የሚቆየው «ዜሮ» ተብሎ ይነበባል፤ ከእነዚህ ሁለት ምልክቶችም እንደ ፊደል ቃል ይሠራል። ቃሉ በአደባባይ እንደሚነበብ፣ ነገር ግን በአንድ ሰው ስም እንደ ተጻፈ ደብዳቤ ነው፤ ባቡሮቹ ሁሉ ይሰሙታል፣ የሚታዘዘው ግን ስሙ የተጠራው ብቻ ነው። ስሙም ቁጥር ሲሆን፣ ሰሚው በባቡሩ ሆድ ውስጥ የተቀመጠ ዲኮደር የሚባል ትንሽ ሰሌዳ ነው፤ ከፋብሪካ ሲወጣ እንደ ልማድ 3 ቁጥርን ይዞ ስለሚመጣ፣ አዲስ ስም የማውጣቱ ሥነ ሥርዓት ከሁሉ በፊት ይፈጸማል።

አሮጌ ባቡርን ወደ አዲሱ ሥርዓት ማሻገር ግን ትዕግሥት የሚጠይቅ ጥበበ እድ ነው። ብዙዎቹ አሮጌ ሞተሮች በብረት አካላቸው በኩል ከሐዲዱ ጋር የተገናኙ ስለ ሆኑ፣ ሠሪው አስቀድሞ ሞተሩን ከአካሉ ፈጽሞ መለየት አለበት፤ ይህን የዘነጋ ሰው ገና ኃይሉን ሲከፍት ኮንታክት ፈጥሮ ዲኮደሩን ያቃጥላል። ከዚያ የዲኮደሩ ቀይና ጥቁር ሽቦ ከሐዲዱ ኃይል ወደሚቀበሉት ጎማዎች፣ ብርቱካናማውና ግራጫው ወደ ሞተሩ፣ ነጩና ቢጫው ወደ ፊትና ወደ ኋላ መብራት ይበየዳሉ፤ ሰማያዊው የመብራቶቹ የጋራ ሽቦ ነው። ሞተሩ በእጅ ተይዞ መዞር ሲከለከል የሚስበው ኤሌክትሪክ ዲኮደሩ ከሚችለው እንዳይበልጥም አስቀድሞ ይለካል። እኔ ከሁሉ አብልጬ የምመክረው ግን ሐዲዱን መጥረግ ነው፤ አናሎጉ ባቡር በአቧራ ላይ ተንገዳግዶ ያልፋል፣ ዲጂታሉ ግን ቃሉ ሲቆራረጥበት ይቆማል።

በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲም ሆነ በአንድ የከተማዋ ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ጠረጴዛ ቢሠራ፣ ለአምሳል የምመርጠው የአዋሽን ጣቢያ ነው። የጅቡቲው ሐዲድና ወደ ሐራ ገበያ የሚወጣው መሥመር የሚገናኙት እዚያ ነውና፣ ተማሪው አንዱን ባቡር በስሙ ጠርቶ ወደ አዲስ አበባ ሲነዳ፣ ወደ ወሎ የሚሄደው ሌላው በዚያው ኃይል በያዘ ሐዲድ ላይ፣ የፊት መብራቱን እንዳበራ ተራውን እየጠበቀ ይቆማል።