መብራት ሲሄድ የላፕቶፓችንን ባትሪ የሚበላው ማነው?

ወገዳ ላይ ስናስተምር ፈተና የምናዘጋጀው ብዙውን ጊዜ በላፕቶፕ ባትሪ ነበር። መብራት ከሄደ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ፈተናው ተጽፎ ሳያልቅ ባትሪው ያልቃል። ጥፋቱን ሁሉ በባትሪው እርጅና ስናመካኝ ቆየን። በኋላ ግን የማንነካቸው ብሉቱዝ፣ የገመድ ኔትወርክ ካርድና ሁለተኛው የግራፊክስ ካርድም ዝም ብለው ኃይል እንደሚወስዱ ተረዳን።

ስሌቱ ቀላል ነው። 40 ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ፣ ማሽኑ 10 ዋት ከወሰደ 4 ሰዓት ያቆያል። ወደ 8 ዋት ካወረድነው 5 ሰዓት ይሆናል። በአንድ ሰዓት ስንት ጥያቄ እንደሚጻፍ መምህራን ያውቁታል።

የምንነግራችሁ ኡቡንቱን ወይም ሌላ ሊኑክስ ለጫነ ሰው ነው። መጀመሪያ ቻርጀሩን ነቅላችሁ ፓወርቶፕ የተባለውን ፕሮግራም ክፈቱ፤ ስንት ዋት እየወጣ እንደሆነ ያሳያችኋል። ብሉቱዝና ዋይፋይ አያስቸግሩም፤ አርኤፍኪል በሚባለው ትእዛዝ ይዘጋሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በካርዶቹ ላይ ነው። ድራይቨሩን ማውጣት ካርዱን ማጥፋት ይመስላል። አይደለም! ካርዱን የሚያስተኛው ራሱ ድራይቨሩ ስለሆነ፣ እሱ ሲወጣ ካርዱ እንደበራ ሊቀር ይችላል። እኛም የግራፊክስ ካርዱን ድራይቨር አውጥተን፣ ላፕቶፑ ከበፊቱ ብሶ ሲግል ነው የነቃነው።

ድራይቨሩን ሳይነኩ ፈቃድ መስጠት ነው መፍትሔው። ሊኑክስ «ሲስ» በተባለው ማውጫ ሥር ለየመሣሪያው «ፓወር» የሚል ፎልደር አለው፤ በውስጡ «ኮንትሮል» የሚባል ፋይል ይገኛል። «ኦን» የሚል ከሆነ መሣሪያው መተኛት አይፈቀድለትም። በሩት ፈቃድ «ኦቶ» ብላችሁ ስትጽፉበት፣ ሥራ ሲፈታ ድራይቨሩ ያስተኛዋል። አንዳንድ መሣሪያ ከተኛ በኋላ በደንብ ስለማይነሳ፣ ሲስተሙ ብዙዎቹን ለጥንቃቄ «ኦን» ላይ ይተዋቸዋል። የዩኤስቢ ማውስና ኪቦርድን ግን ባትነኳቸው ይሻላል፤ ተኝተው የመጀመሪያውን ንክኪ ሊውጡባችሁ ይችላሉ።

ፈጽሞ የማትፈልጉትን ካሜራ ደግሞ ማሽኑ ከፈቀደ ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ ዝጉት።

በእጅ የጻፋችሁት ለውጥ ላፕቶፑ ጠፍቶ ሲበራ ይሰረዛል። ቲኤልፒ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ቻርጀሩ በተነቀለ ቁጥር ይህን በራሱ ያስተካክላል። ለመጫን ኢንተርኔት ይፈልጋል፣ ከዚያ በኋላ አይፈልግም፤ ስለዚህ መብራትና ኔትወርክ ባሉበት ቀን ጫኑት።