የከበደ ቺፕ ሁሉ የካዚኖ አይደለም

አማርኛችን «ሸክላ» ብሎ ጀበናውንም የድሮውን የሙዚቃ ሸክላም በአንድ ስም ይጠራል። አሜሪካኖች «ሸክላ» የሚሉት የጥንቱ የፖከር ቺፕ፣ ማለትም በካርታ ቁማር ገንዘብን የሚወክለው ክብ ዝርግ፣ የቅርብ ዘመዱ የሙዚቃው ሸክላ ነው። ከ1880ዎቹ እስከ 1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የነበሩ የአሜሪካ አምራቾች የሸክላ አፈርን ከሼላክ ጋር፣ ማለትም ከነፍሳት ከሚገኝ ሙጫ ጋር፣ ለውሰው በቅርጽ ማውጫ ይጨምቁት ነበር። የዚያ ዘመን የሙዚቃ ሸክላም በአብዛኛው ሼላክና የድንጋይ ዱቄት ነበር። የቺፑ ንድፍ ከ1000 በላይ ነበር። የዝሆን ጥርስ፣ የአጥንትና የእንጨት ቺፕም ነበር። ታሪኩ በዚህ ይብቃ፤ የሸክላ ቺፕን ያስናቀው የክብደት ነገር ነውና።

ዛሬ ቺፕ የሚገዛ ሰው በመጀመሪያ በመዳፉ ይመዝነዋል፤ ከከበደው «ይሄ የካዚኖ ነው» ይላል። ሻጮችም ይህን ስለሚያውቁ 11.5 ግራም፣ 14 ግራም እያሉ በጉልህ ይጽፉበታል። ያን ቺፕ ቢሰብሩት ግን ፕላስቲክ ነው፤ ክብደቱ የመጣው መሃሉ ከተቀበረው የብረት ዝርግ ነው። በአሜሪካ ካዚኖዎች ስሙ የገነነው፣ በፊቱ ዳር ዙሪያውን ባርኔጣና ከዘራ የታተመበት የፖልሰን የሸክላ ቺፕ የብረት ዝርግ የሌለው ሲሆን 10 ግራም ገደማ ይመዝናል። ገንዘብን የሚወክል ነገር እንደ ወርቅ መክበድ አለበት የሚል ክርክር ይነሳል። የወርቅ ዋጋ በራሱ ውስጥ ነው፤ የቺፕ ዋጋ ግን ካዚኖው «አምጣው፣ በጥሬ ገንዘብ እመነዝርልሃለሁ» ባለው ቃል ላይ ብቻ የቆመ ነው። ስለዚህ ቺፕ የሚለካው በሥራው ነው፤ ሥራውም መደርደርና በዓይን መለየት ነው። የሸክላው ፊት ሻከር ስለሚል 20 ቺፕ ቢከመር ባለበት ይረጋል፤ ለስላሳው ፕላስቲክ ይንሸራተታል። ሸክላው ሲጋጭም እንደ ሳንቲም አይጮህም፤ ድምፁ የታፈነ ነው። ጠርዙን ጠጋ ብለው ቢያዩት ደግሞ እዚህም እዚያም ሌላ ቀለም ያለው ቁራጭ አለ። ይህ ቅብ አይደለም። ከጠርዙ ትንሽ ተቆርጦ ይወጣና በቦታው ሌላ ቀለም ያለው ሸክላ በእጅ ይገባል፤ ከዚያ ሙቀትና ግፊት አንድ ያደርጋቸዋል። ቀለሙ ከአንዱ ፊት ተነስቶ፣ ጠርዙን አልፎ፣ እስከ ሌላው ፊት ይዘልቃል። በዚህ የተነሳ ክምሩን ከጎን ያየ ሰው የተቀላቀለውን ወዲያው ይለያል፤ አስመስሎ ለመሥራትም ያስቸግራል።

የቺፑ መሃል በወርቃማ ፎይል በሙቀት የታተመ ጽሑፍ ወይም የተቀበረ ወረቀት ይኖረዋል። አንዳንድ ሰብሳቢዎች ይህን መሃል በማሽን ፍቀው የራሳቸውን ምልክት ይለጥፉበታል፤ ሌሎች ይህን «ቅርስ ማጥፋት» ይሉታል። ተቃዋሚዎቹ ከፊል እውነት አላቸው። በኔቫዳ ደንብ ካዚኖ ሲዘጋ ቺፑ ተመንዝሮ በዕቅድ መወገድ አለበት፤ ስለዚህ ከተዘጋ ካዚኖ ተርፎ የሚገኝ ቺፕ ብዙ ጊዜ ጥቂት ነው፤ እሱን መፋቅ ጥፋት ነው። ስም የሌለበት፣ ለቤት ጨዋታ በገፍ የተሠራው ግን ሣጥን ውስጥ ከሚረሳ አዲስ ምልክት ለብሶ ጠረጴዛ ላይ ቢውል ይሻላል። እኔን የሚያሳዝነኝ አስተጣጠቡ ነው። ሼላክ በአልኮል ስለሚሟሟ፣ የድሮውን ቺፕ በአልኮል የሚወለውል ሰው ከእድፉ ጋር ቺፑን ራሱን እየላጠ ነው። የፈላ ውሃም ያጣምመዋል። ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት ሳሙናና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃዋል፤ ከደረቀ በኋላ በጨርቅ ጠብታ የማዕድን ዘይት ቢታሽ የደበዘዘው ቀለም ይመለሳል። ለመፋቅ ከመነሳትዎ በፊት ሁለቱንም ፊት አገላብጠው ይመልከቱ፤ የካዚኖና የከተማ ስም ካለበት፣ እባክዎ ይተዉት።