የዘይት ጣሳ ለቱርቦ ሞተር፦ ከመግዛት በፊት ክዳኑ ይከፈት

በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መወሰኑ በጥር 2016 ዓ.ም ከተገለጸ ወዲህ፣ በእጅ ያለን ሞተር ጠብቆ ማቆየት ከቀድሞው የበለጠ ዋጋ አግኝቷል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ይህ በዶላር ለሚገዛ ቱርቦ ምን ማለት እንደሆነ ለመለዋወጫ ሶማሌ ተራ ለሚመላለስ ሰው ማስረዳት አያሻም።

«ኦይል ካች ካን» የተሰኘውን ትንሽ ጣሳ ለባለ ቱርቦ መኪና ባለቤት ትኩረት የሚያበቃውም ይኸው ነው። ሥራው የሞተሩን ትንፋሽ ተቀብሎ ዘይቱን ማስቀረት ነው።

በማንኛውም ሞተር ውስጥ ነዳጅ ሲቃጠል ከሚፈጠረው ጋዝ ጥቂቱ በፒስተኑ ፋሻ በኩል ሾልኮ ወደ ዘይቱ ክፍል ይወርዳል። መውጫ ካላገኘ ሞተሩን ከውስጥ ይወጥረዋል፤ ስለዚህ አምራቾች በቱቦ ወደ አየር ማስገቢያው ይመልሱታል። ጋዙ ግን ብቻውን አይሄድም፤ ዘይትን እንደ ጉም ይዞ ይጓዛል። በቱርቦ ናፍጣ ሞተር፣ ለምሳሌ በዲ-ፎር-ዲ ሃይሉክስ፣ ጉሙ በቱርቦው አልፎ ኢንተርኩለር ካለ እሱን ያጨቀያል። ከጢስ መውጫው በኢጂአር መስመር ተመልሶ ከሚገባው ጥቀርሻ ጋር ሲቀላቀልም የአየር መተላለፊያውን እንደ ሬንጅ ይለጥፈዋል። መተላለፊያው እየጠበበ ሲሄድ መኪናው ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል።

ገዢው የሚታለለው በጣሳው ውበት ነው። የሚያብለጨልጭ፣ ሁለት ቀዳዳ ያለው፣ ውስጡ ግን ባዶ የሆነ ጣሳ ጉሙን በአንዱ በኩል ተቀብሎ በሌላው ከመሸኘት ያለፈ ሥራ የለውም። ደህናው ዓይነት ውስጡ ግድግዳ የተበጀለት ወይም የድስት መፈግፈጊያ የሚመስል የሽቦ ጥልፍልፍ ያለበት ነው፤ ጋዙ እየተጋጨ ሲያልፍ ዘይቱ ተንጠባጥቦ ከታች ይቀራል። ስለዚህ ክዳኑን ከፍቶ ማየት ነውር የለውም። ቀዳዳዎቹ ከመኪናው የትንፋሽ ቱቦ የጠበቡ ከሆኑም ዕቃውን ለሻጩ መመለስ ይበጃል። ቱቦው ዘይት የሚችል መሆን አለበት፤ ለራዲያተር ውሃ የተሠራ ላስቲክ በዘይት አብጦ ይልፈሰፈሳል።

በናፍጣው ሞተር ላይ ጣሳው የሚገባው በሞተሩ መተንፈሻና ከቱርቦው በፊት ባለው የአየር ቱቦ መካከል ነው። ከቱርቦው በኋላ ከተቀጠለ የታመቀው አየር ወደ ሞተሩ ሆድ ይመለሳል። ቦታው ከቱርቦውና ከጢስ መውጫው ሙቀት የራቀ፣ ማሰሪያውም የማይነቃነቅ ይሁን። ጫፉን ለአየር ክፍት ትቶ መሄድ ሽታውን ወደ መኪናው ውስጥ ያስገባል፤ አካባቢንም ይበክላል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ጣሳውን ገጥሞ መርሳት ነው። መተላለፊያው ሲደፈን የታመቀው ጋዝ የዘይት ማገጃ ጎማዎችን ይገፋል፤ ከቱርቦው ወደ ታች የሚመለሰውንም ዘይት ያግዳል። ያን ጊዜ ጤነኛው ቱርቦ ዘይት መትፋት ይጀምራል፤ ባለቤቱም ያላረጀ ቱርቦ ያስቀይራል። በናፍጣ ሞተር ላይ ሌላም አደጋ አለ። ጣሳው ሞልቶ ዘይቱ በአንድ ጊዜ ወደ ውስጥ ከተሳበ ሞተሩ ዘይቱን እንደ ነዳጅ ያቃጥለዋል፤ ቁልፍ ቢጠፋም ላይቆም ይችላል።

ስለዚህ ከተገጠመ በኋላ ቶሎ ቶሎ ማየት፣ አሞላሉ ከታወቀ በኋላም ቢያንስ ዘይት በተቀየረ ቁጥር ማፍሰስ ያስፈልጋል። በቅዝቃዜ ወራት ወተት የገባበት ቡና የሚመስል ነገር ቢወጣ አያስደነግጥም፤ ዘይቱ ከውሃ እንፋሎት ጋር ተቀላቅሎ ነው። ምንም ቢጣራ ወደ ሞተሩ አይመለስም።

ቱርቦ የሌለው ቪትዝ ያለው ሰው ገንዘቡን ለዘይትና ለፊልትሮ ቢያውለው ይሻለዋል። ጣሳው በጥቂት ቀናት የሚሞላበት ባለቤት ደግሞ ፋሻው ማለቁን ይጠርጥር፤ ያረጀ ሞተርን ጣሳ አያድነውም። ያገለገለ መኪና የሚገዛም ኮፈኑን ከፍቶ ይህን ዕቃ ካየ፣ ደላላው ከማውራቱ በፊት ጣሳው መቼ እንደተደፋ ባለቤቱን ይጠይቅ፤ ከዚያም ራሱ ከፍቶ ይየው።