የቡና ዋጋ ሲጨምር ገንዘቡ የማን ቤት ይገባል?

ከገበያ አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ገዝተው ሲመለሱ ስለ ዋጋው ከጎረቤት ጋር ሳይነጋገሩ አይቀሩም። አገራችን ከምታመርተው ቡና ግማሹን ያህል የምንጠጣው እኛው ራሳችን በመሆናችን፣ የቡና ዋጋ ነገር የእያንዳንዱ ቤት ጉዳይ ነው። ዋጋው በተወደደ ቁጥርም በከተማ የምንኖረው ሰዎች «እንግዲህ ገበሬው ከበረ» ብለን እንደመድማለን። ለመሆኑ የቡናን ዋጋ የሚቆርጠው ማን ነው? ገበሬው ነውን?

የአረቢካ ቡና ዋጋ መነሻው ኒው ዮርክ ያለው የሸቀጥ ገበያ ነው። ላኪው ከዚያ ዋጋ ተነሥቶ ከውጭ ገዢ ጋር ይዋዋላል፤ ከዚያም የማጓጓዣውን፣ የመቀሸሪያውን፣ የባንክ ወለዱንና የራሱን ትርፍ አስቦ ለአቅራቢው ይከፍላል። አቅራቢው ደግሞ የራሱን ቀንሶ ለሰብሳቢው፣ ሰብሳቢውም እንዲሁ ለገበሬው ይሰጣል። ገበሬው ከሰልፉ መጨረሻ ላይ የቆመ በመሆኑ የሚደርሰው ከሁሉም የተረፈው ነው።

ይህ ሰልፍ ምን ያህል ሩቅ እንደሚሄድ አንድ ምሳሌ እንመልከት። በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. ብራዚል ውስጥ ብርቱ ውርጭ ወርዶ የቡናውን ተክል አቃጠለው። የዓለም ቡና በማነሱም ዋጋው ሽቅብ ወጥቶ በ1969 ዓ.ም. ጣሪያ ነካ። እንግዲህ የጅማና የሲዳማ ቡና ዋጋ ያወጣው ብራዚል ላይ በወረደ ውርጭ ነበር ማለት ነው። በዚያ ዘመን ቡና ሻጭና ቡና ገዢ አገሮች ተስማምተው የሚደለድሉት ኮታ ስለነበር ዋጋው ከመጠን በላይ እንዳይወድቅ ይጠበቅ ነበር። ይህ የኮታ ሥርዓት በሰኔ ወር መጨረሻ 1981 ዓ.ም. ፈረሰ። ጥቂት ቆይቶ ቬየትናም በብዛት በማምረት ከብራዚል ቀጥላ ሁለተኛ ቡና አምራች ሆነች። እ.ኤ.አ. በ1997 በአማካይ 134 የአሜሪካ ሳንቲም ያህል ያወጣ የነበረው አንድ ፓውንድ ቡና በ2001 ወደ 46 ሳንቲም ወረደ። በአራት ዓመት ውስጥ ሢሶው ብቻ ቀረ ማለት ነው።

አንባቢያችን የወር ደመወዝዎ ወደ ሢሶ ቢወርድ ምን እንደሚያደርጉ ለአንድ አፍታ ያስቡ። ቡና ሲረክስ ጨው፣ ላምባና የልጆች ደብተር አብረውት አልረከሱም። በሐረርጌና በሲዳማ አባቶቻቸው የተከሉትን ቡና ነቅለው ጫት የተከሉ ገበሬዎች ነበሩ። ቡና ደግሞ እንደ ጤፍ በዓመቱ የሚመለስ ሰብል አይደለም፤ አዲሱ ችግኝ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስትና አራት ዓመት ይፈጃል። በከተማ ግን የመንግሥት ሠራተኛው ደመወዝ የቡና ዋጋ በመውደቁ አልተቀነሰም። እንዲህ ያለው ጉዳት በቅድሚያ የሚያርፈው ገጠር ላይ ነው።

ዋጋው ሲወጣስ? በየካቲት ወር 2017 ዓ.ም. የአንድ ፓውንድ አረቢካ ዋጋ ከ4 የአሜሪካ ዶላር በላይ ሆኖ ከፍተኛውን ክብረ ወሰን አስመዘገበ፤ በዚያው የበጀት ዓመት አገራችን ከቡና ያገኘችው ገቢ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ለገበሬውም ጥሩ ዓመት መሆኑ አይካድም። ነገር ግን በየካቲት ወር በጎተራው ቡና ያለው ገበሬ ስንት ነው? እሸቱ የሚለቀመው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሲሆን፣ ዕዳ ያለበትና ማከማቻ የሌለው ገበሬ እንደለቀመ ይሸጣል። እንዲያውም ቡናውን ገና ሳይለቅመው የሸጠ አለ። ሰብሳቢውን ሁሉ ሌባ ማለት ግን ደግ አይደለም፤ በሐምሌና በነሐሴ የቤቱ እህል ሲያልቅ ባንክ የማያበድረውን ገበሬ የሚያበድረው እርሱ ነው። ብድሩን የሚቀበለው ግን በቡና፣ ያውም ቀድሞ በቆረጠው ዋጋ ነው።

የብራችንም ነገር አለ። በመስከረም ወር 1985 ዓ.ም. አንድ ዶላር ከ2 ብር ከ7 ሳንቲም ወደ 5 ብር ከፍ ተደረገ። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. ደግሞ ምንዛሪው ለገበያ ተለቅቆ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። እርስዎ ይህን በዘይቱ ዋጋ አይተውታል። በሒሳብ ደንብ ከሄድን ቡና ሻጩ ገበሬ መጠቀም ነበረበት፤ በብርም ሲታይ የቡናው ዋጋ ጨምሯል። ይሁን እንጂ ማዳበሪያውም፣ ዘይቱም፣ መድኃኒቱም ከውጭ የሚመጣ በመሆኑ፣ በአንድ እጁ የተቀበለውን በሌላው ይሰጣል።

መንግሥት ያወጣቸው የድህነት አኃዞች ይህንኑ ያመለክታሉ። በ2003 ዓ.ም. ከገጠር ሕዝብ 30.4 ከመቶ፣ ከከተማ ሕዝብ ደግሞ 25.7 ከመቶው ድኻ ነበር። በ2008 ዓ.ም. የገጠሩ ወደ 25.6፣ የከተማው ወደ 14.8 ከመቶ ወረደ። ሁለቱም መቀነሳቸው መልካም ነው፤ ነገር ግን በመካከላቸው የነበረው ከ5 ያነሰ ልዩነት ከ10 በላይ ሆነ። ከዓለም ገበያ ጋር የሚመጣው መንገድ፣ ባንክ፣ መሥሪያ ቤትና መጋዘን የሚከተመው ከተማ ነውና።

አሁን ወደ ሴቶቹ እንምጣ። እሸቱን በመልቀም፣ በአልጋ ላይ በማስጣትና በመገልበጥ የሴቶችና የልጆች ድርሻ ከፍተኛ ነው። ሽያጩ ግን የባል ነው። በብዙ አካባቢ በመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ተለጥፎ ሳለ፣ በኅብረት ሥራ ማኅበሩ መዝገብ ላይ የሚገኘው በአብዛኛው የአባወራው ስም ነው። ማኅበሩ በዓመቱ መጨረሻ ትርፍ ሲያከፋፍልም ፈርሞ የሚቀበለው ባለስሙ ነው። ሚስት በራሷ ስም አባል ብትሆን ግን ገንዘቡ በእጅዋ ይገባል፤ ይህን የሚከለክል ሕግም የለም። በሌላው ጫፍ ደግሞ በከተማ መጋዘኖች ተቀምጠው ለውጭ ገበያ የሚላከውን ቡና ፍሬ በፍሬ የሚለቅሙት ሴቶች ናቸው። ዋጋው 4 ዶላር ሲገባ የእነርሱ የቀን ሒሳብ አብሮ ከፍ ማለቱን የሚጠይቅላቸው ጥቂት ነው። ከአንባቢያችን መካከል በዚህ ሥራ የተሰማሩ እንዳሉ እናውቃለን።

ቡናው በማይሸጥበት ዓመት በቅድሚያ ከትምህርት ቤት የምትቀረው ብዙውን ጊዜ ሴቷ ልጅ ናት። ከዚያም አውቶቡስ ተሳፍራ ከተማ ትገባና ምናልባት የእርስዎን ቡና የምታፈላው እርሷ ትሆናለች። ቤትዎ እንዲህ ያለች ልጅ ካለች ስንተኛ ክፍል ላይ እንዳቋረጠች ይጠይቋት፤ ደመወዟንም ቀኑን ሳያሳልፉ ይክፈሏት፣ በአገር ቤት የሚጠብቁት አሉና። የማታ ትምህርት ምዝገባ በክረምቱ ወራት ስለሚካሄድ፣ ቀኑ ከማለፉ በፊት በአካባቢዎ ካለው ትምህርት ቤት ጠይቀው ይረዱ።