ፒያሳ ዶፍ፣ ኮምቦልቻ ፀሐይ

ደሴ ፒያሳ ላይ ዶፍ ሲወርድ ኮምቦልቻ ፀሐይ ቢሆን ለአገሬው ወሬ አይሆንም። በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል የሚራራቁት ሁለቱ ከተሞች በቀጥታ መስመር ቢለኩ 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆኑ ነው። ከፍታቸው ግን አይገናኝም፤ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ተሰቅላለች፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ተዘርግታለች። የአየር ሁኔታ ተመራማሪዎችን የሚያስቸግረው ይህን የመሰለው ርቀት ነው። ከጥቂት ኪሎ ሜትር እስከ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ያለውን «መካከለኛ ልኬት» ይሉታል፤ ከአንድ ጣቢያ ለማየት ይሰፋል፣ በዓለም ካርታ ላይ ለማየት ያንሳል።

ነጎድጓዳማ ዝናብ የሚወለደው እዚህ ልኬት ውስጥ ነው። ጠዋት ፀሐይ ተዳፋቱን ስታሞቀው አየሩ ይቀልና ሽቅብ ይወጣል፤ በእግሩ ከቆላው በኩል እርጥበት ያዘለ አየር ይተካል። ከሰዓት በኋላ ደመናው ከአሥር ኪሎ ሜትር በላይ ይቆለላል። ዝናቡ መውረድ ሲጀምር አብሮት የቀዘቀዘ ከባድ አየር ወደ መሬት ይወድቅና በየአቅጣጫው ይሮጣል። ፒያሳ ላይ ሊዘንብ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው አቧራ አስነስቶ የሱቆቹን ሸራ የሚያርገበግበው ቀዝቃዛ ነፋስ ይኸው ነው። ነፋሱ በዚያ አያበቃም፤ ከፊቱ ያገኘውን ሞቃት አየር ወደ ላይ እየገፋ ሌላ ደመና ያስነሳል። አንዱ ዝናብ ሌላውን እየወለደ ሲደራጅ በመቶ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር የሚሸፍን ወጀብ ይሆናል።

የእኛ አገር ወጀብ ደግሞ ሩቅ ይሄዳል። ክሪስቶፈር ሂልና ዩህ-ላንግ ሊን እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ በ2000 አትላንቲክ ላይ የተነሳውን «አልቤርቶ» የተባለ ሐሪኬን ዱካ ወደ ኋላ ተከትለው የደረሱት በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ከተከማቸ ነጎድጓዳማ ደመና ዘንድ ነው። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ አደመ መኮንንም ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር በ2006 ባወጡት ጽሑፍ፣ በዳርፉርና በምዕራብ ኢትዮጵያ ተራሮች ላይ የሚፈጠረው ደመና ወደ ምዕራብ አፍሪካ የሚጓዙ የነፋስ ሞገዶችን እንደሚቀሰቅስ አሳይተዋል።

ታዲያ ትንበያው ለምን ይስታል? የኮምፒዩተር ሞዴል ሰማዩን በእኩል ካሬዎች ከፋፍሎ ያሰላል። በብዙ አገር የሚሠራበት የአሜሪካኖቹ ዓለም አቀፍ ሞዴል ካሬው 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ማለት ነው። በዚህ ስሌት ጦሳ ተራራ ከሸለቆው ጋር ተደባልቆ ይለሰልሳል፣ ሐረጎም ገደልነቱ ይጠፋል። «ደብሊው አር ኤፍ» የተባለው በነፃ የሚሰጥ ሞዴል ካሬውን ወደ ሦስትና አራት ኪሎ ሜትር ሲያወርደው ደመናው በስሌቱ ውስጥ ራሱ መፈጠር ይጀምራል። በኢትዮጵያም ተመራማሪዎች ይሠሩበታል። ነገር ግን ካሬውን በግማሽ ባሳነሱት ቁጥር የስሌቱ ሥራ ስምንት እጥፍ ገደማ ይጨምራል።

ሞዴሉ የሚነሳበት መረጃም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ኮምቦልቻ ላይ የምሥራቅ አማራ ሚቲዎሮሎጂ አገልግሎት ማዕከል አለ። ተመልካቾች በየጣቢያው የዕለቱን ዝናብ ጠዋት በሦስት ሰዓት ይለካሉ፤ በሁለት ጣቢያዎች መካከል ለአርባ ደቂቃ ወርዶ ማሳ ጠርጎ የሄደ በረዶ ግን መዝገብ ላይ አይገባም። ሳተላይትም ቢሆን ይታለላል። ቀድሞ በአገር ውስጥ የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያ የነበሩት፣ ኋላ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሠሩት ዶክተር ቱፋ ድንቁ በተራራማ አካባቢ የሳተላይት ግምት ምን ያህል እንደሚያስቸግር አጥንተዋል። ሳተላይቱ የደመናውን ጫፍ ቅዝቃዜ አይቶ ስለሚፈርድ፣ ተራራ ላይ ዝቅ ብሎ የሚያዘንበውን ሞቃት ደመና ሳይቆጥረው ያልፋል። እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው የጣቢያውን ልኬት ከሳተላይቱ ጋር የሚያዋህድ ዘዴ አበጅተዋል፤ ዘዴው ከኢትዮጵያ አልፎ ለብዙ የአፍሪካ አገሮች ተርፏል።

ቴሌቪዥኑ «በአንዳንድ ስፍራዎች» ሲል እንስቅበታለን፤ እኔ ግን ከሐቀኛ ቃላት አንዱ ይመስለኛል። ከሁለት ቀን በፊት ፒያሳን ለይቶ በዚህ ሰዓት ይዘንባል የሚል ትንበያ ቢሰማ ነው መጠርጠር ያለበት። በሰዓት ደረጃ ለማስጠንቀቅ የዝናቡን ቦታና አካሄድ በየጥቂት ደቂቃው የሚናገር ራዳር ያስፈልጋል። በክልሉ ከጣና ምዕራብ ሻውራ ላይ የተተከለ አለ፤ ወሎን ግን ርቀቱና በመካከል የቆሙት ተራሮች ይጋርዱበታል። ብጠየቅ ከፈጣን ኮምፒዩተር አስቀድሜ ለምሥራቁ ተዳፋት ራዳር እመርጣለሁ፤ የቦርከና ወንዝ ደሴ ላይ የዘነበውን ይዞ ኮምቦልቻ ለመግባት ብዙ ሰዓት አይፈጅበትም።